ቪአር ሲቆራረጥ ፓኬጅ ማሳደግ ምን ይሰራል?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለ ቪአር ሄድሴት (አይን ላይ ተደርጎ ጌሙን በዙሪያችሁ ስለሚያሳየው መነጽር) ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ስለ ጌም በአማርኛ የሚጽፍ ጋዜጣ መገኘቱ ራሱ ደስ ይላል። ግን ከጌሚንግ ላፕቶፕ ወደ ሄድሴት በዋይፋይ ስትጫወቱ ምስሉ ከተቆራረጠ የኢንተርኔት ፓኬጃችሁን አሳድጉ ያላችሁት ነገር ልክ አይደለም፣ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። እኔ ጀሞ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው፣ እና ይሄን ምክር ከዚም ከዚያም ሰምቶ በየወሩ የሚከፍለውን እጥፍ አድርጎ ምስሉ ግን ያው እንደነበረው ፒክስል ፒክስል እያለ የሚያስቸግረው ልጅ መጨረሻ ላይ ላፕቶፑን አዝሎ የሚመጣው እኔ ጋ ነው።

ኩዌስት 2 ወይም ኩዌስት 3 የሚባለው ሄድሴት ምስል በዋይፋይ በሚያመላልሱት ፕሮግራሞች፣ በኤር ሊንክ በሉት በቨርቹዋል ዴስክቶፕ ወይም በስቲም ሊንክ ከላፕቶፕ ጋር ሲገናኝ ጌሙ የሚሰራው ላፕቶፑ ላይ ነው፣ ላፕቶፑ እያንዳንዱን ምስል እንደ ቪዲዮ ጨምቆ በራውተሩ በኩል ይልከዋል፣ ሄድሴቱ ደሞ ተቀብሎ ፈትቶ አይናችሁ ፊት ያስቀምጠዋል፣ በቃ። ከቤት የሚወጣ ነገር የለም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው አካውንት ውስጥ ለመግባት፣ ጌም ለማውረድ፣ አፕዴት ለማድረግ እና ከሰው ጋር ኦንላይን ለመጫወት ነው። ስለዚ ከውጭ የሚገባው 10 ሜጋም ይሁን 100 ሜጋ ከላፕቶፑ እስከ ሄድሴቱ ያለውን መንገድ አይነካውም፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ መተላለፊያው ጠቦት ከግቢው በር ውጭ ያለውን አስፋልት እንደሚያሰፋ ሰው ማለት ነው።

ሰው የሚሳሳተው ከዩቲዩብ ጋር እያመሳሰለው ይመስለኛል። ዩቲዩብ ቀድሞ ትንሽ ስለሚያጠራቅም ኔትወርኩ ለአፍታ ቢንገዳገድ አይታወቃችሁም። ቪአር ግን ማጠራቀም አይችልም ምክንያቱም አንገታችሁን ስታዞሩ ምስሉ እኩል መዞር አለበት፣ ካልዞረ ማቅለሽለሽ ነው። 90 ኸርዝ ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ምስል ሲታይ፣ ለአንድ ምስል ያለው ጊዜ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ 72 ላይ እንኳን 14 አይሞላም። በዚች ጊዜ ውስጥ ነው እንግዲህ የጎረቤት ዋይፋይ፣ የግድግዳ፣ የኬብል፣ የቻርጀር ጣጣ የሚገባው።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ላፕቶፑ ራሱ ከራውተሩ ጋር በምን ተገናኘ የሚለውን ነው። በዋይፋይ ነው ካሉኝ ግማሹ ችግር እሱ ጋ ነው፣ ምክንያቱም አንዱ ምስል ከላፕቶፕ ወደ ራውተር አንዴ፣ ከራውተር ወደ ሄድሴት ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ይሄዳል፣ ያውም ብዙ ጊዜ በአንድ ቻናል (የዋይፋይ መስመር) ተራ እየተጠባበቀ። ላፕቶፑ በላን ኬብል ራውተሩ ላይ ከተሰካ በአየር የሚሄደው አንዴ ብቻ ይሆናል። ይሄ ብቻውን የፈታላቸው ብዙ ናቸው።

ግን ኬብሉም የራሱ ጉድ አለው። አንድ ልጅ ኬብል ስካ ተብሎ ሰክቶ ባሰብኝ እያለ መጣ። ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን የኢተርኔቱን፣ ማለትም የላን ኬብሉን፣ ሊንክ ስፒድ ስናየው በሰከንድ 1000 ሜጋ መሆን የነበረበት 100 ይላል። ኬብሉን ያዘጋጀለት ሰው ከስምንቱ ሽቦ አራቱን ብቻ ነበር ጫፉ ላይ ያስገባው፣ አራቱ ተቆርጠው ፕላስቲኩ ውስጥ ቀርተዋል። አራት ሽቦ ለ100 ሜጋ ይበቃል፣ ፌስቡክ ይከፍታል፣ ፊልም ያወርዳል፣ ማንም አያውቅበትም፣ ልጁ ግን ምስሉ ወደ ሄድሴቱ በሰከንድ በ150 ሜጋ እንዲላክ አስተካክሎት ነበር። በ100 ውስጥ 150 እንዴት ይለፍ? ስምንቱንም ሽቦ አድርገን ጫፉን እንደገና መታንለት፣ 1000 አለ፣ ተስተካከለ።

ራውተሩም እንደዛው ነው። ካርቶኑ ላይ 1200 የሚል ትልቅ ቁጥር ተለጥፎበት ይሸጣል፣ እሱ ግን የሁለቱ ባንድ (ዋይፋዩ የሚሰራባቸው የ2.4 እና የ5 ጊጋኸርዝ ሞገዶች) ፍጥነት ድምር ነው፣ 300 ከ2.4 ጊጋ 867 ከ5 ጊጋ ተደምሮ ወደ ላይ ተጠጋግቶ። ከኋላ ያሉት የኬብል ፖርቶች ደሞ ርካሾቹ ላይ 100 ብቻ ናቸው፣ ይሄን በጥቃቅን ፊደል ነው የሚጽፉት ወይ ጭራሽ አይጽፉትም። ስለዚ ስትገዙ ጊጋቢት (የ1000 ሜጋ) ፖርት አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሻጩ አዎ ካለ ካርቶኑ ላይ ያሳያችሁ።

ባንዱን ካነሳሁ አይቀር፣ ሄድሴቱ 5 ጊጋ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ሁለቱ ባንድ አንድ ስም ካላቸው ሄድሴቱ ሳታውቁት 2.4 ላይ ሊገባ ስለሚችል ስማቸውን ለዩት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ 2.4 ላይ መጫወት የማይታሰብ ነው፣ የማይደራረቡት ቻናሎች ሶስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11፣ ከላይም ከታችም ከጎንም ያለ ጎረቤት ሁሉ እነሱ ላይ ተጨናንቋል። 5 ጊጋ ሰፊ ነው ግን ግድግዳ አይወድም፣ ራውተሩ ሳሎን ሆኖ እናንተ መኝታ ቤት ብትጫወቱ ይደክማል፣ እዛው የምትጫወቱበት ክፍል አምጡት። የጌም ሰዎች ለሄድሴቱ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ራውተር ይገዛሉ፣ እኔም የሚመቸኝ እሱ ነው፣ ኢንተርኔት ባይኖረውም ምስል ማመላለሱን አያቆምም።

ራውተሩ ነው ላፕቶፑ የሚለውን ለመለየት ደሞ መገመት አያስፈልግም። ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ያለው ሰው የፐርፎርማንስ ኦቨርሌዩን ይክፈት፣ ጌም፣ ኢንኮዲንግ (ላፕቶፑ ምስሉን ሲጨምቅ)፣ ኔትወርክ፣ ዲኮዲንግ (ሄድሴቱ ሲፈታ) እያለ የየብቻቸውን ሚሊሰከንድ ያሳያል። ኔትወርክ የሚለው ዝቅ ብሎ ቆይቶ ድንገት የሚዘል ከሆነ እስካሁን ያልኩትን ፈትሹ። ኔትወርኩ ጸጥ ብሎ ጌም የሚለው ካበጠ ግን ራውተሩን ተዉት፣ ጥፋቱ ላፕቶፑ ጋ ነው።

ላፕቶፕ ከተባለ እኛ ሀገር ዋናው ቻርጀር ነው። ጌሚንግ ላፕቶፕ ከፋብሪካ ሲወጣ 180 ወይም 230 ዋት ቻርጀር ይዞ ነው የሚመጣው፣ እሱ ሲቃጠል ወይ ሲጠፋ ሰው 65 ዋት ታይፕ ሲ ይገዛል ምክንያቱም ዋጋው ይረክሳል፣ ሲሰካም ቻርጅ እያደረገ ነው ይላል። እየተጫወታችሁ ባትሪውን እዩት፣ ተሰክቶም እየወረደ ከሆነ ቻርጀሩ አይበቃውም፣ ላፕቶፑ ደሞ ራሱን ለማትረፍ ግራፊክስ ካርዱን ያዳክመዋል። መብራት ሲሄድም ነገሩ ያው ነው፣ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም ግራፊክሱ ግማሽ ሀይል እንኳን ላያገኝ ይችላል፣ ስለዚ ራውተሩን ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ በባትሪ ልጫወት የሚል ሰው ከዚህ በፊት የነበረውን ምስል አይጠብቅ። ሌላው ጌሙ በየትኛው ግራፊክስ እየሰራ እንደሆነ ዊንዶውስ ላይ ማየት ነው፣ ላፕቶፕ ሁለት ስላለው አንዳንዴ ደካማውን ይመርጣል። ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መጫወት ደሞ ይቅር፣ ማራገቢያው ታፍኖ ሲግል ሃያ ደቂቃ ጥሩ ሰርቶ ከዛ መንቀርፈፍ ይጀምራል።

ዋይፋዩ አልሆን ያለው ሰው ሄድሴቱን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ የሚሰካበት ዩኤስቢ ኬብል አለለት፣ ግን ዩኤስቢ 3 ይሁን፣ የተራው ቻርጅ ማድረጊያ ኬብል ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 2 ነው፣ 480 ሜጋ ላይ ይቆማል፣ ዩኤስቢ 3 ግን እስከ 5 ጊጋቢት (5000 ሜጋ) ይሄዳል።

እናንተን የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ የፓኬጁን ነገር በሚቀጥለው እትም አርሙልን፣ ሰው ገንዘቡን እየጨረሰ ነው። ሁለተኛ ራውተር አስመጪዎች ማስታወቂያ ሲያስነግሩ ከ1200 ቁጥሩ ጎን የፖርቱን ፍጥነትም እንዲያስገቡ ብትጠይቋቸው፣ አንድ መስመር ናት፣ ቦታም አትፈጅ።

አክባሪያችሁ፣
ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ከጀሞ