የኮምፕሬሰሩን ውሃ ማታ ማታ አፍስሱ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በአየር የሚሠሩ መሣሪያዎችን እጠግናለሁ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ወጣት ጎሚስታ የአየር ቡሎን መፍቻውን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። «ጋሼ፣ ሞቷል መሰለኝ። ካልተሠራ ለቁራሌው ልሰጠው ነው» አለኝ። የገዛው ገና በጥር ነው። አንጀቴን በላኝ።

ስፈታው ዝገት የቀላቀለ ውሃ ፈሰሰ። ክንፎቹም ቦያቸው ውስጥ ተጣብቀው ቀርተዋል።

መፍቻውን የሚያዞረው የአየር ሞተር ሆድ ቀላል ነው። ክብ ሲሊንደር ውስጥ ሮተር የሚባል የሚሽከረከር ብረት አለ፤ መሐል ላይ ግን አልተቀመጠም፣ ወደ አንድ ጎን ጠጋ ብሏል። ሮተሩ ላይ ቦዮች ተሰንጥቀው በየቦዩ አንዳንድ ስስ ክንፍ ገብቷል። ሮተሩ ሲዞር ክንፎቹ ወደ ውጭ ይወጡና የሲሊንደሩን ግድግዳ እየታከኩ ይሄዳሉ። የታመቀው አየር በጠባቡ በኩል ገብቶ ክንፉን ይገፋዋል፤ እየሰፋ ሄዶ በመውጫው ይተነፍሳል። ክንፉ ከቦዩ አልወጣም ካለ አየሩ የሚገፋው ነገር ያጣል፣ በጎን ሾልኮ ይሄዳል። ልጁ ቃታውን ሲጫን «ፉሽ» ብቻ ይለው የነበረው ለዚህ ነው።

ውሃው የመጣው ከምንተነፍሰው አየር ነው። ኮምፕሬሰሩ አየሩን ሲያምቀው ይሞቃል፤ ታንከሩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴማ አይነገርም። ከታንከሩ ሥር ማፍሰሻ አለች። ማታ ሥራ ሲያልቅ ግፊቱን ቀንሶ እሷን መክፈት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ልጁ ማፍሰሻ መኖሯንም አያውቅም ነበር። አልተቆጣሁትም፤ የሸጠለት ሰው መቼ ነገረው!

ዘይትም አይቶ አያውቅም። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአየር መግቢያው አራት አምስት ጠብታ የአየር መሣሪያ ዘይት ጠብ አድርጎ ለጥቂት ሰከንድ ባዶውን ማስነሳት ይበቃል። የመኪና ሞተር ዘይት ግን እባካችሁ አትጨምሩ። ወፍራም ስለሆነ ክንፎቹን እንደ ሙጫ ይይዛቸዋል።

መሣሪያው ሲደክም ብዙዎች ግፊቱን ከፍ ያደርጉታል። አብዛኛው መፍቻ የተሠራው ለ6 ባር ገደማ ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። ከዚያ ሲያልፍ ክንፉም ኩሽኔታውም ቶሎ ይበላል። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ያው ኮምፕሬሰር እዚህ ታንከሩን ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል። ኮምፕሬሰር ስትገዙ አቅሙ ከፍ ያለውን ምረጡ። ጥፋቱ የመፍቻው እየመሰላቸው ስንቶች ደህናውን መሣሪያ ጥለዋል!

ይህን ሞተር እወደዋለሁ። ጭነት ሲበዛበት ይቆማል እንጂ እንደ ኤሌክትሪክ ሞተር አይቃጠልም። የጥርስ ሐኪም ቤቱ የሚያፏጭ መሰርሰሪያም ብዙ ጊዜ የሚዞረው በአየር ነው፤ እሱም ዘይቱን ይፈልጋል።

የሶማሌ ተራና የመርካቶ ነጋዴዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ። መሣሪያውን ስትሸጡ ትንሽ ብልቃጥ ዘይት አብራችሁ ስጡ፤ ማፍሰሻዋንም በጣታችሁ አሳዩ። የልጁን መፍቻ በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ ክንፎቹን ቀይሬ፣ ዘይት አጠጥቼ ሐሙስ ዕለት መለስኩለት። እዚያው በሬ ላይ የቆመ ሚኒባስ ጎማ ፈታበት።

የአየር መሣሪያ ጠጋኝ፣
ከተክለ ሃይማኖት፣ አዲስ አበባ