ነፍሰ ጡሯን ስለ እንቅልፏም ጠይቋት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ነፍሰ ጡሮች አመጋገብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ለደንበኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ጎመኑ፣ ስለ ምስሩ፣ ስለ ብረት እንክብሉ ጥሩ ጽፋችኋል። ስለ ጭንቀት ግን ያላችሁት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ነፍሰ ጡር መጨነቅ የለባትም»። ወንበሩ ላይ የነበረችው ድርስ ሳቀች። «እሺ፣ እንዴት ነው የማይጨነቀው?» አለች። መልስ አጣሁ።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ጸጉር ሠሪ ነኝ። እዚህ ሴት ከመውለዷ በፊት ሹሩባ ትሠራለች። አራስ ቤት ከገባች በኋላ ማን ያበጥራታል? ስለዚህ ድርስ የሆኑ ሴቶች እጄ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። እነሱ ፊታቸውን ወደ ደጅ አዙረው፣ እኔ ከኋላቸው ቆሜ። ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ነው መሰለኝ፣ ለባላቸው ያልነገሩትን ለእኔ ይነግሩኛል።

ባለፈው ክረምት ከዘጌ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። የመጀመሪያዋ ነው። ለመውለድ ብላ እዚህ ከተማ አክስቷ ቤት አርፋለች። ገና ሁለተኛውን ጉንጉን ስይዝ አንገቷ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል። «እትዬ፣ ምጤ በሌሊት ቢመጣ ባጃጅ አይገኝም አይደል?» አለችኝ። «ይገኛል» አልኳት። ትንሽ ቆይታ ያንኑ ጠየቀችኝ። ጨርሼ እስካስነሳት ድረስ አራት ጊዜ ጠየቀችኝ። እንቅልፍ ካጣች ወር አልፏታል። ምጧ ከሰዓት በኋላ ቢመጣ ጣና ይናወጣል፣ ጀልባው ይቀራል፣ እናቷ አትደርስላትም። ሌሊት ሌሊት የምታወጣው የምታወርደው ይህንን ነው። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብዬ ሸኘኋት። ምርቃቱ ከልቤ ነበር። ግን እሷ እንደመጣች ነው የሄደችው።

እኔም በዚህ አልፌበታለሁ። የመጀመሪያው ምጤ ሁለት ቀን ስለፈጀ፣ ሁለተኛዬን ሳረግዝ ገና ሆዴ ሳይገፋ ፍርሃት ገባኝ። ልቤ ይመታል፣ እህል አይወርድልኝም። ክትትል በሄድኩ ቁጥር ክብደቴን መዘኑኝ፣ ግፊቴን ለኩኝ፣ ሽንቴን መረመሩ። አንድ ቀን ደፍሬ «እንቅልፍ የለኝም» አልኩ። «እርግዝና ነው፣ የተለመደ ነው» ተባልኩ። ካርዴ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ተብሎ ተጻፈ። አዋላጇን አልቀየማትም፤ ከኋላዬ ወረፋው እስከ በሩ ነበር።

ያዳነኝ አጋጣሚ ነው። የሥነ ልቦና ትምህርት የተማረች ደንበኛ ነበረችኝ። መልኬ አላማራትም መሰለኝ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት እየመጣች ታወራኝ ጀመር። ወሬ እንዳይመስላችሁ፣ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ቀን ወረቀት አውጥታ መሐሉን በመስመር ከፈለችው። በዚህ በኩል መላ ያለውን ጭንቀት፣ በዚያ በኩል መላ የሌለውን ጻፊ አለችኝ። የሌሊት መጓጓዣ መላ ካለው በኩል ገባ። የሁለት ባጃጅ ነጂዎች ስልክ ያዝኩ፣ አስቀድሜም ነገርኳቸው፣ አለቀ። «እሞት ይሆን?» ግን መላ ከሌለው በኩል ቀረ። ለእሱ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበራት። «ሐሳብሽን እንደ ጸጉር ቤት ወሬ እዪው» አለችኝ። «ማን ነገረሽ? ማስረጃው ምንድን ነው? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» ቀስ ብሎ መተንፈስ አስተማረችኝ። ትቼው የነበረውን የማታ የጣና ዳር እርምጃዬን በግድ አስጀመረችኝ። በአምስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ፍርሃቱ ጨርሶ ጠፋ አልልም። ቢሆንም ከእሱ ጋር መተኛት ቻልኩ።

ይህ የእኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከ100 ነፍሰ ጡሮች 16 ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድብርት፣ ያገኛቸዋል። ከወሊድ በኋላ ቁጥሩ ወደ 20 ይጠጋል። ሲከፋ ደግሞ ልጅ ያለ ቀኑ ከመወለድና ክብደቱ ከማነስ ጋር ይያያዛል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሐኪም ከየት እናመጣለን ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የፓኪስታን ጥናት አለ። በድብርት ላይ የነበሩ የገጠር ነፍሰ ጡሮችን ቤት ለቤት እየሄዱ ያነጋገሯቸው እንደ እኛዎቹ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉ ሴቶች ናቸው። ሥልጠናቸው አጭር ነበር። የሠሩት ሥራ ደንበኛዬ ከእኔ ጋር ከሠራችው ብዙም አይርቅም። ልጁ 6 ወር ሲሆነው፣ ይህን ሕክምና ካገኙት እናቶች ከ100 23ቱ ብቻ ድብርቱ አልለቀቃቸውም። ተራ የቤት ጉብኝት ብቻ ካገኙት ግን 53ቱ። እኛ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ከጀመርን፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ፣ ስንት ዓመታችን!

ጸበል የምትሄድ ትሂድ፣ እኔም ሄጃለሁ። ግን «ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሂጂ» ስትባል «አበደች ሊሉኝ ነው» የምትለው ብዙ ናት። ክኒን በልጄ ላይ ጉዳት ያመጣል ብላ የምትፈራም አለች። ይህ ሕክምና እኮ ንግግር ነው፣ የሚዋጥ ነገር የለውም። የባሰባት፣ ራሷን ለመጉዳት የምታስብ ግን ዛሬ ነገ ሳትል ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ጋ መድረስ አለባት።

ስለ ራሳችንም ልናገር። ፍርሃቱን የምናመርተው እኛ ጸጉር ቤቶች ነን። ድርስ ወንበር ላይ አስቀምጠን «እገሊት እኮ በምጥ ሦስት ቀን...» እንላለን። እኔ ቤት ይህን ወሬ ከልክያለሁ። ሁለት ደንበኛ አኩርፎብኛል።

ክትትሉ 8 ጊዜ ይሁን ተብሎ ይመከራል። 8 ጊዜ ክንዷን ሲጠመጥሙ፣ በመሐል ሁለት ጥያቄ ምን ይከብዳል? ባለፉት 2 ሳምንታት ሆድ ብሶሽ፣ ተስፋ ቆርጠሽ ነበር? ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አስጠልቶሻል? እነዚህ ሁለቱ የታወቁ መለያ ጥያቄዎች ናቸው። «አዎ» ያለችውን ደግሞ ተቀብሎ የሚያነጋግር የሠለጠነ ሰው በየጤና ጣቢያው ይኑር። ዩኒቨርሲቲያችን በሥነ ልቦና የሚያስመርቃቸው ልጆች አሉ፤ ሥራ ፈላጊው ብዙ ነው።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። እንቅልፍ ካጣች ወር ያለፋት እርጉዝ ባሕር ዳር ውስጥ የት ትሂድ? በስንት ሰዓት? ስንት ትከፍላለች? ጠይቃችሁ አድራሻውን ብታወጡልን መስታወቴ ላይ እለጥፈዋለሁ።

አንዲት ጸጉር ሠሪ
ከባሕር ዳር