ጊታሩን እንዳትሸጥ

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ያው ነው፣ እንደምታውቀው።

እህትህ ትናንት ደውላ ነበር። ሁለተኛውን አልበም ግማሽ ላይ ትተህ ጊታሩን ልትሸጥ ነው አሉ። የመጀመሪያውን ማንም አልሰማውም ብለሃል። ባንክ ሚኑስ ገብተሃል፣ ካለህ በላይ አውጥተሃል፣ የስቱዲዮም ዕዳ አለብህ። ለዕዳው መላ ይፈለጋል። ጊታሩን ግን እንዳትሸጥ።

«አባዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለጊታር ጠበቃ የሆነው?» ትል ይሆናል። እውነትክን ነው። እኔ ከመሰንቆ ሌላ አይሆንልኝም። ከአንተም ዘፈኖች ለይቼ የማውቀው ሦስተኛውን ብቻ ነው። እሱ ጥሩ ነው።

የካሴቱን ነገር ከወንድምህ ሰምተህ ይሆናል። እኔ ነግሬህ አላውቅም። በፈረንጆቹ 1991 ወንበሩ የተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጠን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ስንመጣ አንተ ገና ጡት አልተውክም። በ1993 ካራቫን፣ ያ ተጎታች ቤት፣ ውስጥ ነበርን። ወንድምህ 15 ዓመቱ ነው። እስራኤላዊው ዘፋኝ አቪቭ ጌፌን ሁለተኛ አልበሙን፣ «አክሻቭ ሜኡናን» የሚለውን፣ ያወጣው ያን ጊዜ ነው። አሁን ደመና ነው ማለት ነው። ልጁ ገና ሃያ ዓመቱ፣ ፊቱን ተኳኩሎ የሚዘፍን። ወታደር ቤትም አልገባም ይባል ነበር። እኔ ደግሞ ወንድምህን የደንብ ልብስ ለብሶ ለማየት ቀን እቆጥራለሁ። ከዚህ አገር ሰው እኩል የምንሆነው ያን ጊዜ ነው ብዬ።

ዕብራይስጡ አይገባኝም። ዜማው እንዲያውም ለጆሮ አይከፋም ነበር። «የገዛ ትውልዱን በጸያፍ ቃል እየሰደበ ነው» ብሎ የነገረኝ ጎረቤት ነው። የወንድምህን ካሴት አወጣሁና ክሩን እጄ ላይ እየጠቀለልኩ ጎትቼ ጨረስኩት። ሸማኔ ነኝ፣ ክር ሲበላሽ ያመኛል። ያን ቀን አላመመኝም። ወንድምህ አላለቀሰም፤ ቁጭ ብሎ እጄን ያያል። አንተ ክሩን አንገትህ ላይ ጠምጥመህ ትስቃለህ።

ምግብ ትበላለህ? ከስተሃል አለች እህትህ። ሽሮና በርበሬ ልከንልሃል። ሽሮውን እርጥበት እንዳይነካው።

በ1995 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራቢን የተገደለበትን ማታ ታስታውሳለህ? ትንሽ ነበርክ። ቴል አቪቭ አደባባይ ላይ ያው ልጅ፣ ጌፌን፣ ዘፍኖ ነበር። ራቢን ሲያቅፈው ቴሌቪዥኑ ደጋግሞ አሳየን። ከዚያ አገር ሁሉ በእሱ ዘፈን አለቀሰ፣ የኔ ቢጤ ሽማግሌ ሳይቀር። ወንድምህ በር ላይ ቆሞ «አባዬ፣ ያ እሱ ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩና «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል» አልኩት።

ይኸው እስከ ዛሬ መኪናው ውስጥ ስገባ ሬዲዮውን ይዘጋዋል።

ስለ ገንዘቡ። ጓደኛህን ዋስ ሁነኝ እንዳትል። አራጣ አበዳሪ ደጅ ከደረስክ ደግሞ እኔ አባትህ አይደለሁም። ትንሽ ያጠራቀምኩት አለ፣ ለእናትህ እንዳትነግራት። ጊታሩን አትሽጥ ብያለሁ። ሸጠኸውም ከሆነ ለማን እንደሸጥከው ንገረኝ፣ ሄጄ አመጣዋለሁ።

አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረስ። እናትህ የሰንበት ዳቦ ትጋግራለች። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ያለቀውንም ያላለቀውንም ታሰማናለህ። ወንድምህን ጠርቼዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

ማጫወቻ ይዘህ ና። የኛው የሚያጫውተው ካሴት ብቻ ነው።

አባትህ