ይድረስ ለወንድሜ፣ ከድሬ

አቦ እንዴት ነህ? ስንት ዘመን ተጠፋፋን! የእጅህን ነገር የነገረችኝ እህትህ ናት፤ ሐረር መጥቼ ሸዋ በር ላይ ተገናኝተን። መስታወት አንጓህ ላይ ነርቭ ቆርጦብህ ተሰፋልህ አሉ። «ጣቶቼ ሞተዋል» ትላለህም አሉ። እሱን ስሰማ ሆዴ አልቻለም። ክፍል ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ነርቭን ቶሎ ነው የማልፈው፤ ለአንተ ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

በጣትህ ስሜት የሚያመጡት ሕዋሶች ዋና አካላቸው ያለው አንገትህ ሥር፣ አከርካሪው አጠገብ ነው። ከዚያ አክሰን የሚባል ቀጭን ክር ክንድህን ይዞ እስከ ጣት ጫፍ ይወርዳል። መስታወቱ የቆረጠው ክሩን ነው። አብዛኞቹ ሕዋሶች እላይ በሕይወት አሉ።

ታዲያ ክሩን እደግ የሚለው ማነው? በ1977 እ.ኤ.አ. ሮበርት ካምፔኖት የሚባል ተመራማሪ አዲስ ከተወለዱ አይጦች የወሰዳቸውን የነርቭ ሕዋሶች በተከፋፈለ ሳህን ላይ አሳደገ። የሕዋሶቹ አካል መሃል ላይ ተቀመጠ፣ ክሮቹ በግድግዳው ሥር ሾልከው ወደ ጎን ክፍሎች ገቡ። ነርቭ አሳዳጊውን ፕሮቲን ለጎኖቹ ብቻ ሲሰጥ ክሮቹ አደጉ። መሃል ያሉት ሕዋሶችም በቀጥታ ምንም ሳያገኙ ኖሩ። ከአንዱ ጎን ሲያነሳው ደግሞ፣ መሃሉ ፕሮቲኑ ቢኖረውም፣ የዚያ ጎን ክሮች ማደግ አቆሙ። አየህ፣ ዕድገቱ የሚወሰነው እዚያው ጫፉ ላይ ነው! ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ፕሮቲኑን ያገኘችው ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ናት። አይሁዳዊት በመሆኗ ከዩኒቨርሲቲ ተባርራ፣ በጦርነቱ ጊዜ መኝታ ቤቷ ውስጥ በዶሮ ሽሎች ላይ ትመራመር ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ከስታንሊ ኮሄን ጋር ኖቤል ወሰደች። እኔ ይህችን ሴት በጣም ነው የማከብራት።

ፕሮቲኑ የክሩን ጫፍ ሲነካ ሁለት ነገር ይሆናል። አንዱ እዚያው ያልቃል፦ ጫፉ ውስጣዊ መዋቅሩን እየቀያየረ፣ አንዳንድ ፕሮቲንም በቦታው እየሠራ ወደፊት ይገፋል። ሌላው መንገደኛ ነው። ፕሮቲኑና ጫፉ ላይ የሚይዘው ተቀባዩ በትንሽ ከረጢት ተጠቅልለው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ከዚራ ያደግክ ልጅ ስለሆንክ ባቡር አስብ፤ ዳይኒን የሚባለው ሞተር ከረጢቱን በክሩ ውስጥ በተዘረጋው ሐዲድ እየጎተተ እስከ ሕዋሱ አካል ያደርሰዋል። መልእክቱ ሲደርስ ሕዋሱ በሕይወት የሚያቆዩትን ጂኖች ያሠራል።

ከቆረጣው በታች ያሉት ሽዋን የሚባሉ ሕዋሶችም እንዲህ ያሉ አሳዳጊ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። ክሩ በእነሱ መንገድ ነው የሚያልፈው። ፍጥነቱ ግን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ ስንት እንደሆነ በማስመሪያ ለካውና ወራቱን አስበው። የሁሉም ሰው እጅ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው ይመለሳል አልልህም። «ሞቷል» ለማለት ግን ገና ነው።

እስከዚያ በማይሰማህ ጣት ትኩስ ጀበና እንዳትነካ፤ ሳታውቀው ያቃጥልሃል። ጣቶችህንም ሐኪሙ ባዘዘህ መሠረት አንቀሳቅሳቸው። ሐኪሙ በነርቩ መስመር ላይ መታ መታ ሲያደርግ የሚነዝርህ ቦታ ካለ፣ የሚያድጉት ጫፎች እዚያ መድረሳቸውን ይጠቁማል። በሚቀጥለው ቀጠሮህ ጠይቀው፤ ንዝረቱ የት ላይ እንደደረሰ ጻፍልኝ። በግራ እጅህም ቢሆን።

ወንድምህ