ሦስተኛው ዓምድ

ጎንደር፣ የኅዳር ጽዮን ዋዜማ

ለወንድሜ ለአለቃ፣

"እንደምን ሰነበትህ" ብዬ ልጀምር አልሁና ብዕሬ ቆመ። ሰነበትህ የሚባለው ለሳምንት ነው። "እንደምን ከረምህ" ለአንድ ክረምት ነው። ለሰባት ክረምት የሚሆን ሰላምታ ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ነገሬ እገባለሁ፤ አንተም እንደ ድሮው የረባሾች ዝርዝር ላይ ስሜን ጻፈው።

እኔ ተመስገን ነው። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፤ ጡረታዬ የወሩን እኩሌታ ሳይሻገር ይደክማል፤ ከዚህ የከፋ የለኝም። የጃንተከል ዋርካ አለ። ፒያሳም አለች፤ የቡናው ዋጋ ሲያድግ ስኒው አንሷል።

የሚያስጽፈኝ ያ መጽሐፍህ ነው፤ የቸርችል የሕይወት ታሪክ። ጠፋብኝ ያልሁህ ዋሽቼ አልነበረም። ከቁም ሳጥኑ አናት፣ ከአሮጌ ሻንጣ ሥር የልጅ ልጄ አገኘችው። ሽፋኑን ስትገልጠው በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኸው "ተውሶ ያልመለሰ ይመዘገባል" የሚለው ማስጠንቀቂያህ ብቅ አለ። ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርሁ።

ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ናት። መምህሯ የአንድ የጦርነት ዘመን መሪን ሕይወት በዘመኑ ከሆነው የዓለም ነገር ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ በሠንጠረዥ አምጡ ብሏቸዋል። መጽሐፍህ መጨረሻው ላይ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ እንዳለው ታስታውስ ይሆናል፤ በግራ ሰውየው፣ በቀኝ ዓለም። እሷ እሱን ገልብጣ ልትገላገል ነበር። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። የአምናውን የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ አውርደን ገለበጥነው፤ ከጀርባው በማስመሪያ ሁለት መስመር አሰመርን፤ ሦስት ዓምድ ወጣው። በሦስተኛው ራስጌ ላይ "ጎንደር" ብዬ ጻፍሁ።

"አያቴ፣ መምህሩ ይህን አላዘዘንም" አለችኝ።

ገና ሳንጀምር የዘመን አቆጣጠሩ አጣላን። አንዴ ሰባት፣ አንዴ ስምንት ስንቀንስ ሰውየው ሳይወለድ ሊዘምትብን ሆነ። በመጨረሻ ራሷ "ሁሉንም በእኛ ዓመተ ምሕረት እንጻፈው፤ እንግሊዞቹም ለአንድ ጊዜ በእኛ ይቆጠሩ" ብላ ገላገለችኝ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አላሳየኋትም።

ቸርችል በ1867 ዓ.ም. ብሌንሃይም በሚባል ቤተ መንግሥት ከመሳፍንት ዘር ተወለደ። በሦስተኛው ዓምድ ከዚህ ትይዩ ምን ይጻፍ? አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያኗን ካቃጠሉ ስምንት ዓመት ሆኗል። እንግሊዞች መቅደላ ወጥተው ከተመለሱ ስድስት ዓመት አልፏል። ልጅቷ አሰብ አደረገችና "አመድ" ብላ ጻፈች። አልሰረዝሁባትም።

ከዚያ 1880 መጣ። በጥር የሱዳን ደርቡሾች ሳር ውኃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር አሸንፈው ጎንደር ገቡ፤ አቃጠሏት። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ እንዳዳናት ለአንተ አልተርክም፤ ያንን ታሪክ ከእኔ የምታሳምረው አንተ ነህ። በዚያው ዓመት፣ በፋሲካው ሰሞን፣ አንድ የ13 ዓመት ቀይ ፀጉር ልጅ እንግሊዝ አገር ሃሮው ትምህርት ቤት ገባ። ራሱ ሲያወራ እንደኖረው፣ የመግቢያው የላቲን ፈተና ወረቀት ላይ ከስሙ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልጻፈም። መጨረሻው ክፍል አስገቡት። ሒሳብ የሚያስቸግራት ልጄ በዚህ ረድፍ ብዙ ተጽናናች።

አንድ ረድፍ ላይ ግን ሁለት ምሽት ቆየን። በነሐሴ 1890 መገባደጃ ኦምዱርማን ላይ፣ በእንግሊዙ የጦር አዛዥ በኪችነር ሥር የዘመተው የ23 ዓመቱ መቶ አለቃ ቸርችል ከአራት መቶ ያህል ፈረሰኞች ጋር በደርቡሾች መካከል ሰንጥቆ ገባ። ህንድ አገር ሳለ ትከሻው ወልቆበት ስለነበር ጎራዴ መሰንዘር ይቸግረዋል፤ በሽጉጥ ነበር የገባው። እነዚያ ደርቡሾች እነማን ናቸው? እኛን ያቃጠሉን ናቸው። በመጋቢት 1881 ከመተማው ጦርነት በኋላ የአፄ ዮሐንስን አስከሬን ማርከው የንጉሠ ነገሥቱን ራስ ወደ ኦምዱርማን የወሰዱት ናቸው።

"ታዲያ ደማችንን መለሰልን ማለት ነው?" አለችኝ።

የማማሰያው ድምፅ እስኪሰለቻት ድረስ ሻይዬን አማሰልሁ። በኋላ ቁጥሩን አሳየኋት። በዚያች አንዲት ማለዳ ከደርቡሽ ወገን ከአሥር ሺህ ሰው በላይ ወደቀ፤ ከእንግሊዝና ከግብጽ ወገን የሞተው ሃምሳ አልሞላም። መትረየስ ያጭዳል እንጂ ደም አይመልስም አልኋት። ኪችነር ቀጥሎ የመሐዲን መቃብር አፈረሰ፤ አጽሙን አስወጥቶ ራሱን ለየው። የእኛ ንጉሥ ራስ በተወሰደባት ከተማ የእነሱም መሪ ራስ ባለቤት አጣ። ወጣቱ ቸርችል ይህን ነውር ነው ብሎ በጽሑፍ ተቸ፤ ገና ማንም ሳይሆን የጦር አዛዡን። ስለዚህ ይህችን በሒሳቡ ላይ ያዝሁለት። በኋላ የምቀንስበት አለና።

የሚቀጥሉትን ሠላሳ ዓመታት በአንድ ምሽት አለፍናቸው። ደቡብ አፍሪካ ላይ ተማርኮ አመለጠ፣ ፓርላማ ገባ፣ ፓርቲ ቀየረ፣ የባሕር ኃይሉ ሹም ሆነ፣ በ1907 በዳርዳኔልስ ዘመቻ ውድቀት ከሹመቱ ወረደ። እዚህ ሰገሌ ላይ ሸዋና ወሎ ሲፋለሙ እሱ እዚያ ሥራ አጥቶ ሥዕል እየሣለ የሚውል ሰው ነበር። ያን ጊዜ ሞቶ ቢሆን ኖሮ የእኛ ልጅ ዛሬ ሌላ መሪ ትፈልግ ነበር።

አሁን ወደምቀንስበት ልምጣ። በጥር 1919 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ ሮም ሄደ፤ ከሙሶሊኒ ጋር ተገናኝቶ ሲወጣ ለጋዜጠኞች አወደሰው። ያ ውዳሴ ሲነገር እናትህ እማማ ገና አልተወለዱም ነበር። ጣሊያን በመስከረም 1928 መረብን ሲሻገር ቸርችል ከሥልጣን ውጭ ነው፤ ይናገራል፣ ያስጠነቅቃል፤ ዓይኑ ግን ከጀርመን አይነሳም። መጋቢት 23 ቀን የስታራቼ የመኪና ጦር ጎንደር ሲገባ፣ በመጽሐፍህ ሠንጠረዥ የዚያ ሰሞን ትልቁ ነገር ሂትለር ራይንላንድ መግባቱ ነው። በጎንደር በኩል አንድ ቃል የለም። ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት አራት ዓመት ሲቀመጡ ለእንግሊዝ መንግሥት የማይመቹ እንግዳ ነበሩ። ግንቦት 2 ቀን 1932 ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ሰኔ 3 ቀን ሙሶሊኒ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀ፤ ወሩ ሳያልቅ የማይመቹት እንግዳ በአውሮፕላን ወደ ሱዳን ጉዞ ጀመሩ። አለቃዬ፣ አንተ ይህን "ፖለቲካ ነው" ብለህ ታልፈው ነበር። እኔ ግን የሰውየውን ጽናት እያደነቅሁ እንኳ እነዚያን አራት ዓመታት አላልፋቸውም። ያን ሁሉ ጊዜ ጣሊያንን እንቅልፍ የነሱት እንደ አርበኛው አሞራው ውብነህና መሰሎቹ አርማጭሆ ውስጥ ነበሩ፤ ማንም በአውሮፕላን አላመላለሳቸውም።

አዲስ አበባ በሚያዝያ 1933 ነፃ ስትወጣ እኛ ገና ነን። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን ይዞ በወልቅፊትና በቁልቋል በር ምሽግ ታጥሮ ክረምቱን ከረመ። ወልቅፊት በመስቀል ሰሞን ተያዘች፤ ቁልቋል በር በኅዳር ወደቀች። ኅዳር 18 ቀን 1934 የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮችና አርበኞቻችን ከተማዋ ገቡ፤ ናሲ እጁን ሰጠ፤ ከሃያ ሺህ በላይ ሰው ተማረከ። የጣሊያን የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት የተዘጋው በእኛ ደጅ ነው። ቸርችል 67 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። የተወለደበት የፈረንጅ ቀን በእኛ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 21፣ ጽዮን ላይ ይውላል፤ ነገ ማለት ነው።

መጽሐፍህን ገልጠህ የዚያን ዓመት ረድፍ እይ። ሞስኮ አለች፣ ሊቢያ አለች፣ ኅዳር 28 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች የሚል አለ። ጎንደር የለችም። በአሥር ቀን ቀድማ ተረሳች። ኅዳር 28 ደግሞ የራስ መኮንን ጦር በ1888 አምባ አላጌ ላይ የጣሊያኑን አዛዥ ቶዜሊን የደመሰሰበት ቀን ነው፤ ያም ከአድዋ በፊት ስለሆነ ይረሳል። ልጅቷን ይህን ሳሳያት "ቀኑ ራሱ አይቀናውም" አለች።

ቅዳሜ ወደ ፋሲል ግቢ ወሰድኋት። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ገብተን ቆምን። ግድግዳው አለ፣ ጣሪያው የለም፤ አንገትህን ስታቀና ሰማይ ነው። በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ ነበር ይባላል። አስጎብኚው "የእንግሊዝ አውሮፕላን ነው የመታው፣ ጣሊያን ሰፍሮበት ስለነበር" አላት። እኔ ከጥንቱ የመሬት መንቀጥቀጥም ያገኘው ጉዳት እንዳለ ጨመርሁ፤ መምህር መቼም አመሉን አይተውም። እሷ ግን ማስታወሻዋን አውጥታ በግራው ዓምድ፣ ከቸርችል ሥር፣ "የኢያሱ ጣሪያ" ብላ ጻፈች። ወደ ሦስተኛው ዓምድ እንድታዛውረው ልነግራት ብዬ ተውሁት።

ቀሪውን ቶሎ ጨረስን። በ1935 ቤንጋል ውስጥ ሚሊዮኖችን የፈጀው ረኃብ፣ በእሱ መንግሥት ዘመን፤ ይህን በደማቁ አስጻፍኋት። በየካቲት 1937 ግብጽ ውስጥ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር መገናኘቱ። ጦርነቱን አሸንፎ በዚያው ሐምሌ ምርጫ መሸነፉ። ጥር 16 ቀን 1957 ሞተ፤ በተቀበረ በሁለተኛው ቀን የእንግሊዟ ንግሥት አዲስ አበባ ገባች።

አንድ ረድፍ ግን ባዶ ቀርቷል፤ የኅዳር 18ቱ። በሦስተኛው ዓምድ "ጎንደር ነፃ ወጣች" ብላ ልትሞላው ስትል እጇን ያዝሁ። ያን ቀን ያየ ሰው ቃል ይሁንበት አልሁ። ያየ የማውቀው ሰው ደግሞ እማማ ናቸው።

እማማ ሲያርፉ አልመጣሁም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር ብልህ እውነት ነው። ግን ከአርባቸው በፊት ተከፍቷል። ለአርባው አልደረስሁም ብዬ አፈርሁ፤ ለሙት ዓመቱ ደግሞ በአርባው ሳልመጣ ብዬ አፈርሁ፤ እያፈርሁ ሰባት ዓመት ሞላኝ። በልጅነታችን ቀሐ ዳር ካለው ቤታችሁ ስንት ቀን እራቴን በልቻለሁ! የእናንተ ሽሮ ከእኛ ቤት የሚጣፍጠው በምን እንደሆነ እናቴ እስክትሞት ትጠይቀኝ ነበር።

ያን ወሬ አቦል ላይ ጀምረው በረካ ላይ ይጨርሱት እንደነበር ታስታውሳለህ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከእናታቸው ጋር ወንዙ ዳር ጉድባ ውስጥ ነጠላ ተከናንበው አደሩ። ነጠላው ነጭ ስለሆነ አውሮፕላኑ ያየናል ብለው እናታቸው ጭቃ ቀቧት። ሲነጋ የመድፉም የአውሮፕላኑም ድምፅ ቆመ። "ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ መጀመሪያ የሰማሁት" ይሉና ስኒውን ያስቀምጡ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ከእኔ ጠፍቷል። ዶሮ ነው ልበል? የአዲስ ዓለም መስጊድ አዛን? ደወል? ወይስ ሴት ስታለቅስ? ሌሊቱን ሁሉ ላመጣው ሞከርሁ፤ ስኒው ሲቀመጥ ብቻ ይሰማኛል።

ደብዳቤውን ነገ ከቅዳሴ መልስ ፒያሳ ጣሊያን በሠራው ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ፤ መጽሐፉም አብሮ ይመጣል። ሠንጠረዡ የሚረከበው ታኅሣሥ ሳይጋመስ ነው። ረድፉን በእርሳስ ከብበን ክፍት ትተነዋል። እማማ መጀመሪያ የሰማሁት ያሉት ምን ነበር?

ወንድምህ