ለእማዬ፣ ስለ ማሙሽ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አዳማ ደህና ነን። ሙቀቱ ብቻ ነው ያማረረን። ደብዳቤ ስታዪ እንዳትደነግጪ። ስልክ ስንደዋወል ማሙሽ ሁልጊዜ አጠገብሽ ነው፤ ስለ እሱ ደግሞ እሱ ሳይሰማ ማውራት ፈልጌ ነው።

የሆድ ማሰሪያሽ ደብተር መግለጥ ከተወ ሰነበተ አልሽኝ። «ከመቶ ስምንት ሰው ለሚያልፍበት የ12ኛ ክፍል ፈተና ምን አደከመኝ? የተማሩትስ ባጃጅ እየነዱ አይደል?» ይላል አሉ። ልጁ ሰነፍ አይደለም እማዬ። ሒሳብ ሠርቶ ነው የተቀመጠው። ሒሳቡ ግን ጎደሎ ነው።

እርግጥ ነው፣ በ2014 ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነዋል። አሁንም ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ዕጣ አይደለም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስድስት ፈተና ይወስዳል፤ ድምሩ ከ600 ነው፣ ግማሹ 300። ፊዚክስ ቢያቅተው ባዮሎጂ ወይም አፕቲትዩድ የሚሉት የማመዛዘን ፈተና ሊሞላለት ይችላል። ሌላው ልጅ ስላለፈ እሱ አይወድቅም። ስለዚህ «የእነ እንትና ልጅ እኮ እንቅልፍ የለውም» የምትይውን ተዪለት። (እኔንም በዚሁ ነበር የምታቃጥዪኝ። ይቅር ብዬሻለሁ።)

ስለ ባጃጁ አትከራከሪው። ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ ልጆች ሰፈራችን ሞልተዋል፤ በየቀኑ ያያቸዋል። «ተምረህ ትልቅ ሰው ትሆናለህ» ብትዪው አይሰማሽም። ይልቅ የራስሽን ንገሪው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀን ሥራ ውለሽ ማታ ፊደል ትቆጥሪ የነበረው ደመወዝ አገኛለሁ ብለሽ አልነበረም። የመጣልሽን ደብዳቤ ሰው ለምነሽ ማስነበቡ ሰልችቶሽ ነው። ለእኔ ነግረሽኛል፤ እሱ ግን የሰማ አይመስለኝም። የእሱም ምክንያት እንዲህ ቅርብና የራሱ ይሁን። የተበላሸ ነገር ሁሉ ፈትቶ መገጣጠም የሚወድ ልጅ ነው። ምን መሥራት እንደሚፈልግ ጠይቂውና ዝም ብለሽ አዳምጪው። ቴክኒክና ሙያ ካለሽም እንዳታኮርፊ። ከፈተናው ወዲያ ሌላ በር እንዳለ ካወቀ ፍርሃቱ ይቀንስለታል።

ሌሊት ቡና አፍልተሽ መቀስቀሱንም ተዪው። ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን የያዘ ስለሆነ በሌሊት ግርግር አያልቅም። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ትንሽ ያንብብ፣ ከሰዓት ከጓደኛው ጋር የድሮ ፈተና ይሥራ። ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን የዚህን ሳምንት ምዕራፍ ብቻ ያስብ። የሳተውን ጥያቄ ለብቻ ደብተር ላይ ይጻፈው፤ ወር ቆይቶ ተመልሶ ሲሠራው መሻሻሉን በዓይኑ ያያል። ከምክራችን ሁሉ እሱ ይበልጥ ያበረታዋል።

ስልኩን አትቀሚው። የድሮ ፈተናዎቹን ከቴሌግራም ነው የሚያወርደው። ማታ ማታ ግን አንቺ ክፍል ይደር፤ ቲክቶክ እንቅልፉን ጨርሶታል። ለነገሩ ፈተናው በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ ስልክ ደግሞ አይገባም። ከአሁኑ ቢለምደው ይሻለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ኳሱን ይጫወት፣ ሲያሰኘው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ ይብላ። «ጊዜህን አባከንክ» እንዳትዪው አደራ።

ለወርክሺት ማባዣ የሚሆን ብር በቴሌብር ልኬለታለሁ። አንቺም ለእሱ ብለሽ ጾም እንዳታበዢ፤ የግፊት መድኃኒት የምትወስጂ ሰው ነሽ። ጸሎቱ ይበቃል። ለበዓል ስመጣ ሒሳቡን አብሬው እሠራለሁ፤ እንደምመጣ ግን ቀድመሽ እንዳትነግሪው፣ ይደበቀኛል።

ልጅሽ፣ ከአዳማ