አዲስ አርቪ ወይስ ያገለገለ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻቸውን ይዘው በቨርጂኒያ ወዳለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለመውጣት የሚያስቡ ወገኖች፣ መኝታውንና ማብሰያውን ይዞ የሚጓዘውን አርቪ አዲሱን ይግዙ ወይስ ያገለገለውን እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ መልሴን በጋዜጣችሁ በኩል ለሁሉም ማድረስ ፈለግሁ።

እኔና ባለቤቴ አዲስ ተጎታች አርቪ ስንገዛ ሻጩ ያሳየን ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ነበር። ብድሩ በ15 ዓመት የሚከፈል በመሆኑ ቀላል መሰለን፤ በሦስተኛው ዓመት ልንሸጠው ስንሞክር ግን የቀረበልን ዋጋ ከቀሪው ዕዳችን እጅግ ያነሰ ሆነ። አርቪ ከሻጩ ግቢ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ይበልጥ ይወርዳል፤ በረጅም ብድር ደግሞ የእነዚያ ዓመታት ክፍያ በአብዛኛው ለወለድ ስለሚውል ዋናው ዕዳ የሚቀንሰው በዝግታ ነው። አዲስ መሆኑም ከብልሽት አላዳነንም፤ ገና በአንድ ዓመቱ ዋስትና ውስጥ ጣሪያው አፍስሶ፣ ተራ እየጠበቀ በሻጩ ግቢ ወራት ቆሟል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለገለውን መግዛት ነው። ሆኖም ያገለገለ አርቪ ትልቁ ጠላቱ ውኃ ነው። ከተቻለ ዝናብ በጣለ ማግሥት ሄዳችሁ የሻጋታ ሽታ መኖሩን አጣሩ፤ በመስኮቶቹ ሥርና በማዕዘኖቹ ግድግዳውን፣ በመታጠቢያው አጠገብም ወለሉን ተጫኑት፤ ከለሰለሰ ውስጡ በስብሷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አምራቾች ከ600 ሺህ በላይ አርቪዎችን ለገበያ ሲያቀርቡ፣ በ2023 ያቀረቡት ወደ 313 ሺህ ወርዷል፤ በዚያ የጥድፊያ ወቅት የተሠሩትን ከሌሎቹ ይበልጥ በጥንቃቄ ማየት የሚገባ ይመስለኛል።

ጎማውንም በጥርሱ ብቻ አትመኑት፤ ብዙ ቆሞ የሚከርም ተሽከርካሪ ጎማው ሳያልቅ ያረጃልና። በጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የተጻፈው መለያ የመጨረሻ አራት አኃዞች 2321 ከሆኑ፣ ጎማው የተሠራው በ2021 በ23ኛው ሳምንት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላም ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው የአርቪ መርማሪ ከፍላችሁ አስመርምሩ፤ ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሳትፈርሙ ተመለሱ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ